የእንግዳ ዋጋ፤ በወረርሽኝ ዘመን ስለ ጎብኚዎችና ስለ ነዋሪዎች የተደረገ አንድ ጥናት ሲመረመር

አገር ለመጎብኘት የሚመጣ እንግዳ ለተቀባዩ አገር ገንዘብ ያመጣል፤ ነገር ግን ገንዘብ ብቻ አያመጣም። መንገዱን ያጣብባል፣ የቤት ኪራይ ያስወድዳል፣ የገበያውን ዕቃ ከነዋሪው ጋር ይሻማል፣ አንዳንድ ጊዜም የአገሩን ልማድ ባለማወቅ ይጥሳል። ይህን በገንዘብ መዝገብ ላይ የማይጻፈውን፣ ነገር ግን ነዋሪው በየቀኑ የሚሸከመውን ሸክም ሊቃውንት የጉብኝት ማኅበራዊ ወጪ ብለው ይጠሩታል። ተላላፊ በሽታ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ከነዚህ ሁሉ የሚከብድ ሌላ ወጪ ይጨመራል፤ ይኸውም እንግዳው ራሱ ሳያውቀው ይዞት የሚገባው ሕመም ነው። ይህን ወጪ ማን ይሸከመው? በምንስ ይለካ? የሚለው ጥያቄ የኮሮና በሽታ ዓለምን ካዳረሰ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎችን አነጋግሯል።

በዚህ ነገር ላይ ከወጡት ጽሑፎች መካከል ደጋግሞ የሚጠቀሰው ሪቻርድ ቺዩ፣ ጂና ፓርክ፣ ሺና ሊና ኃይያን ሶንግ የተባሉ አራት ሊቃውንት አናልስ ኦፍ ቱሪዝም ሪሰርች በተባለው መጽሔት በ2020 ያሳተሙት ጥናት ነው። (ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥናቱ የተደረገው በሆንግ ኮንግ፣ በጓንዦና በዉሃን ከተሞች ሲሆን፣ የተጠየቁትም ነዋሪዎቹ ናቸው። የጥያቄው ሥርዐት እንደሚከተለው ነው። ጉብኝት የሚያመጣውን የጤና ሥጋት ለመቀነስ ይህን ያህል ገንዘብ ትከፍላለህን? ተብሎ ነዋሪው ይጠየቃል። እሺ ካለ ገንዘቡ ከፍ ይደረግበታል፤ እንቢ ካለ ዝቅ ይደረግለታል፤ እንዲህ እየሆነ እስከ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ከመልሶቹም አንድ ሰው ከሥጋቱ ለመዳን ሊከፍለው የሚወደው ገንዘብ በስሌት ይገኛል። ከተጠየቁት የሚበዙት ለመክፈል ፈቃደኞች እንደ ሆኑ፣ የገንዘቡም ልክ በሦስቱ ከተሞች እንደሚለያይ ጸሐፊዎቹ ገልጸዋል።

ሥራው የሚመሰገንበት ነገር አለው፤ ይህንም አስቀድሞ መናገር የሚገባ ነው። ከዚህ በፊት ስለ ጉብኝት ማኅበራዊ ወጪ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ሕዝብ መጨናነቅ፣ ስለ ጫጫታ፣ ስለ ወንጀልና ስለ ባህል መለወጥ ሲናገሩ ኖረዋል፤ የሕዝብን ጤና ግን እንደ ዋና ወጪ አድርገው በመዝገቡ ላይ ያሰፈሩት ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛም፣ የሆቴል ባለቤትንና የጎብኚን አስተያየት ትቶ የነዋሪውን ቃል መፈለግ መልካም ነው፤ በሽታው ሲመጣ ከቤቱ ወጥቶ የሚሄድበት ሌላ አገር የሌለው ነዋሪው ነውና። ሦስተኛም፣ ፍርሀቱ ገና ሳይበርድ የሰውን ዐሳብ መዝግቦ ማስቀመጥ ለኋላ ታሪክ የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ሰው ከዳነ በኋላ የፍርሀቱን ልክ አያስታውስምና።

እኛ የምንነቅፈው ስሌቱን አይደለም፤ ጥያቄውን ነው። የሕዝብን ኑሮና ልማድ የሚያጠና ሰው፣ ጥያቄ ራሱ አንድ ማኅበራዊ ነገር መሆኑን መዘንጋት አይገባውም። የጠያቂው ቃል ተጠያቂው መልስ ከመስጠቱ በፊት ብዙ ነገር ይወስናል። በዚህም ጥናት «ስንት ትከፍላለህ?» የሚለው ቃል፣ የቤቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ፈርዶ ያበቃ ይመስለናል።

ይህን ለማስረዳት የዘዴውን ታሪክ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። በገበያ የማይሸጥን ነገር ዋጋ በመጠይቅ የማግኘት ዘዴ በሰፊው ያከራከረው በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለው መርከብ በአላስካ ባሕር ላይ ነዳጅ ካፈሰሰ በኋላ ነው። የተበላሸው ባሕር ዋጋው ስንት ነው? የሚለው ክርክር ስለ ጠነከረ፣ የአሜሪካ መንግሥት ኬኔት አሮውና ሮበርት ሶሎው የተባሉት ታላላቅ የኢኮኖሚ ሊቃውንት የሚመሩትን ጉባኤ ሰይሞ፣ ጉባኤው በ1993 ዐሳቡን አቀረበ። ሰውን «ጉዳቱን ለመቀበል ስንት ይከፈልህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ «ጉዳቱ እንዳይደርስ ስንት ትከፍላለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል ሲል መከረ፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ጥያቄ የሚያስገኘው ቍጥር ያነሰና የተቈጠበ ነው። በርግጥም በሁለቱ ጥያቄዎች የሚገኙት ቍጥሮች እጅግ እንደሚራራቁ ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ ሰው ያለውን ለመተው የሚጠይቀው ዋጋ የሌለውን ለማግኘት ከሚሰጠው ዋጋ ይበልጣልና።

የቍጥር መራራቅ ግን የስሌት ነገር ብቻ አይደለም፤ የመብት ነገር ነው። ነዋሪውን «ከእንግዳው በሽታ ለመዳን ስንት ትከፍላለህ?» ስንለው፣ እንግዳው የመምጣት መብት አለው፤ አንተ ግን ሰላምህን በገንዘብ ግዛ ማለታችን ነው። «እንግዳው እንዲገባ ብትፈቅድ ስንት ይከፈልህ?» ስንለው ደግሞ፣ በሩ የአንተ ነው፤ መዝጋትም መክፈትም የአንተ ፈንታ ነው ማለታችን ነው። ለባሕር ክርክር ቍጥብ ቍጥር ማግኘት ጥበብ ሊሆን ይችላል። በአንድ ከተማ ነዋሪና በእንግዳው መካከል ላለው ነገር ግን፣ ክርክሩ ራሱ «በሩ የማን ነው?» የሚል ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ መምረጥ ለአንደኛው ወገን መፍረድ ነው።

ከዚህም ሌላ የመክፈል ፈቃድ ከመክፈል ችሎታ ጋር የተሳሰረ ነው። ሆንግ ኮንግን እንውሰድ። በዚያች ከተማ በ2016 በተደረገው ቈጠራ ከ200,000 የሚበልጡ ሰዎች አንድ ቤት እየተከፋፈለ በተሠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖሩ ነበር። በእንዲህ ያለ ክፍል የሚኖር ሰው ለመክፈል የሚችለው ትንሽ ነው፤ ሕመም ከገባ ግን ከሌላው ይልቅ የሚያሠጋው እርሱን ነው። በ2003 የሳርስ በሽታ አሞይ ጋርደንስ በተባለው የመኖሪያ ሕንጻ በፍሳሽ ቧንቧዎች በኩል ተላልፎ ከ300 በላይ ነዋሪዎችን እንደ ያዘ የሚዘነጋ የሆንግ ኮንግ ሰው የለም። እንግዲህ ባለጸጋው ብዙ እከፍላለሁ ሲል፣ ድኻውም ጥቂት እከፍላለሁ ሲል፣ ስሌቱ የባለጸጋው ፍርሀት ይበልጣል ብሎ ይመዘግባል። ይህ የፍርሀት ልክ አይደለም፤ የኪስ ልክ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋችን ስለ ታሪክ ነው። መጠይቁ የሚይዘው የአንድ ቀን መልስ ነው፤ ነዋሪው ግን የሚመልሰው ባለፉት ዓመታት በደረሰበት ነገር ላይ ቆሞ ነው። የሦስቱ ከተሞች ቍጥር ለምን እንደ ተለያየ ቍጥሩ ብቻውን ሊነግረን አይችልም፤ የየከተማውን ያለፈ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። በተለይ ሆንግ ኮንግ ለዚህ ጥሩ ምስክር ስለ ሆነች ነገሩን ዘርዘር አድርገን እናቀርባለን።

በየካቲት ወር 2003 ከጓንዦ የመጣ አንድ ሐኪም ታሞ ሳለ ሜትሮፖል በተባለው ሆቴል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አደረ። ከዚያ ሆቴል ያደሩ እንግዶች በሽታውን ወደ ቬትናም፣ ወደ ሲንጋፖርና ወደ ካናዳ ይዘውት ሄዱ፤ በሆንግ ኮንግም 1,755 ሰዎች ታመው 299 ሞቱ። በሽታው በበረደ ጊዜ የከተማዋ ንግድ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ነበርና፣ እርሱን ለማነቃቃት የዋናው ቻይና ሰዎች በቡድን ሳይሆኑ በየግላቸው መጥተው እንዲጎበኙ የሚፈቅድ ሥርዐት ከሐምሌ 28 ቀን 2003 ጀምሮ ተዘረጋ። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው አስገራሚ ነው፤ በእንግዳ በኩል የገባው በሽታ ያደረሰው ጉዳት የተካሰው ብዙ እንግዶችን በመጋበዝ ነው። በ2018 ወደዚያች 7.5 ሚሊዮን ሕዝብ ወደማይሞላባት ከተማ የገቡት እንግዶች 65 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ ከነዚህም 51 ሚሊዮኑ ከዋናው ቻይና የመጡ ነበሩ።

ከገንዘቡ ጋር ቅሬታውም ዐብሮ አደገ። በ2008 በዋናው ቻይና የሕፃናት ወተት ዱቄት በመርዝ ተበክሎ ከተገኘ በኋላ፣ ወላጆች ንጹሑን ወተት ፍለጋ ወደ ሆንግ ኮንግ ይጎርፉ ጀመር፤ እየገዙ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ተከተሏቸው። የድንበር አጠገብ ሰፈሮች ነዋሪዎች ለልጆቻቸው ወተት አጡ፤ የሰፈሩ ሱቅ ሁሉ መድኃኒት ቤትና የጌጥ መሸጫ ሆነ። መንግሥትም ከመጋቢት 1 ቀን 2013 ጀምሮ አንድ ሰው ከሁለት ቆርቆሮ በላይ ይዞ እንዳይወጣ ከለከለ። ከዚያ አስቀድሞ በ2012 ከዋናው ቻይና የሚመጡትን ሰዎች በአንበጣ የሚመስል ማስታወቂያ በጋዜጣ ታትሞ ነበር። በ2015 መጀመሪያም በቱን ሙንና በሻ ቲን ሰልፈኞች በገበያ አዳራሾች ውስጥ ከእንግዶች ጋር ተጋፉ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የሸንዘን ነዋሪዎች በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይገቡ ተወሰነ።

እንግዲህ በ2020 መጀመሪያ አዲሱ በሽታ ሲሰማ፣ ሕዝቡ በባዶ ልብ አልጠበቀውም። በየካቲት ወር መጀመሪያ በሺህ የሚቈጠሩ የሆስፒታል ሠራተኞች ድንበሩ ፈጽሞ ይዘጋ ብለው ሥራ አቆሙ። መንግሥት አብዛኞቹን መግቢያዎች ዘጋ፤ ከየካቲት 8 ቀን ጀምሮም ከዋናው ቻይና የሚገባ ሰው ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ አዘዘ። አንዳንድ ምግብ ቤቶች ደግሞ ማንዳሪን ለሚናገር ሰው አናስተናግድም የሚል ጽሑፍ በበራቸው ላይ ለጠፉ። እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ቋንቋ የበሽታ ምልክት አይደለም፤ ማንዳሪን የሚናገር ሰው በከተማዋ ለብዙ ዓመታት የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ካንቶንኛ የሚናገርም ትናንት ከሌላ አገር የተመለሰ ሊሆን ይችላል። በበሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ስለ በሽታ የሚናገር ይመስላል፤ ነገር ግን የወተቱን፣ የሱቁንና የሰልፉን ዘመን ቂምም ዐብሮ ይናገራል።

አሁን ወደ መጠይቁ እንመለስ። ይህን ሁሉ ያለፈ የሆንግ ኮንግ ነዋሪ «ከጎብኚዎች የሚመጣውን የጤና ሥጋት ለመቀነስ ይህን ያህል ትከፍላለህን?» ሲባል እሺ ቢል፣ ከገንዘቡ ስንቱ ለጤና፣ ስንቱስ ለቈየ ቅሬታ እንደ ሆነ ማን ሊለየው ይችላል? እንቢ ቢልስ፣ አልፈራም ማለቱ ነው? ወይስ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን ስለ ምን እኔ እከፍላለሁ ማለቱ ነው? ሥራ ያቆሙት ሐኪሞችና ነርሶች ስለ በሽታው ያላቸውን ዐሳብ የገለጡት በገንዘብ አይደለም፤ እንጀራቸውንና የሙያቸውን ክብር አደጋ ላይ ጥለው ነው። እንዲህ ያለውን ክፍያ የሚመዘግብ ዓምድ በመጠይቁ ላይ የለም።

ጆርጅ ዶክሲ የተባለው ሊቅ በ1975 የነዋሪዎች ስሜት ከደስታ ወደ ግድ የለሽነት፣ ከዚያ ወደ ብስጭት፣ በመጨረሻም ወደ ጠላትነት ደረጃ በደረጃ ይወርዳል ብሎ አስተምሯል። ብዙዎች ይህን መሰላል እንደ ቀኖና ይዘውታል። ሆንግ ኮንግ ግን እንዲህ ባለ ቀጥተኛ መንገድ አልሄደችም፤ በአንድ ዘመን የሱቁ ባለቤት ሲደሰት የሱቁ ጎረቤት ይበሳጭ ነበር፤ አንድ ሰው ራሱ እንኳ ጧት በሥራው ቦታ እንግዳውን በፈገግታ ተቀብሎ ማታ በሰፈሩ ሊያማርረው ይችላል። የነዋሪዎች አስተያየት አንድ ቁና ሙሉ እህል አይደለም፤ ስለዚህ መስፈሪያው አንድ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ነቀፋችን ከሁሉ የከበደ ነው። ጥናቱ ነዋሪና እንግዳ የሚባሉት ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው የታወቁ መሆናቸውን ይዞ ይነሣል። ወረርሽኝ ግን ይህን ድንበር ያፈርሰዋል። ዉሃን ጥር 23 ቀን 2020 ተዘግታ እስከ ሚያዝያ 8 ቀን ድረስ ስትቆይ፣ ከመዘጋቷ በፊት ለበዓል ወጥተው በሌላ አውራጃ የነበሩ ልጆቿ ሆቴል እየተከለከሉ ማደሪያ አጡ። እነዚህ ሰዎች በዜግነታቸው ባለ አገር ሲሆኑ፣ በመታወቂያቸው ላይ በተጻፈው የከተማ ስም ብቻ ከባዕድ የባሰ ባዕድ ሆኑ። እንግዲህ የዉሃን ሰው ስለ ጎብኚ ሥጋት ሲጠየቅ፣ የሚመልሰው እንደ ተቀባይ ነው? ወይስ ሌላው እንደ ፈራው እንግዳ ነው?

የጓንዦ ነገር ደግሞ ለእኛ ለአፍሪካውያን የቀረበ ነው። በዚያች ከተማ የሚነግዱና የሚማሩ አፍሪካውያን ለዓመታት ኖረዋል፤ ከነርሱም ቤት ተከራይተው፣ ግብር ከፍለው፣ ልጅ ወልደው የተቀመጡ አሉ። በሚያዝያ ወር 2020 ግን ብዙዎቹ ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴላቸው እንዲወጡ ተደረጉ፤ በመንገድ ላይ ያደሩም ነበሩ። አንድ የታወቀ የምግብ ድርጅት ጥቁሮች አይገቡም የሚል ማስታወቂያ በበሩ ላይ ታይቶ፣ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በቤይጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮች በጽሑፍ ተቃውሟቸውን ገለጡ፤ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሙሳ ፋኪ ማሃማትም በአዲስ አበባ የቻይናን አምባሳደር ጠርተው ብርቱ ሥጋታቸውን አስታወቁ። ይህ የሆነው ጥናቱ ከተደረገባቸው ሦስት ከተሞች በአንደኛዋ፣ ጥናቱ በታተመበት ዓመት ነው። ነዋሪ ተብሎ የሚቈጠረው ማን ነው? ቤቱን ከተነጠቀው አፍሪካዊና ቤቱን ከነጠቀው አከራይ የጉብኝትን ማኅበራዊ ወጪ የበለጠ የከፈለው ማን ነው? ወጪ የሚባለው ነዋሪው ከእንግዳው የሚቀበለው ሸክም ብቻ ከሆነ፣ ነዋሪው ከፍርሀት የተነሣ በእንግዳው ላይ የሚጭነው ሸክም በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

ይህን ስንል የራሳችንን አገር ንጹሕ አድርገን አይደለም። በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ፣ እርሱም ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ፣ በአዲስ አበባ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በመንገድ ላይ የውጭ አገር ሰዎችን ኮሮና እያሉ መሳደብና ድንጋይ መወርወር ታይቷል፤ የአሜሪካ ኤምባሲም ስለዚሁ በመጋቢት 9 ቀን ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እንግዳ ተቀባይነታችንን ስንመሰክር የምንኖር ሕዝብ ይህን እንዴት አደረግን? መልሱ በባህላችን ውስጥ ሁለት ቃል መኖሩ ነው። መንገደኛው በምሽት ደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ ሲል በሩ ይከፈትለታል፤ ሽማግሌው ሲመርቅ ደግሞ ከእንግዳ ደራሽ፣ ከውሃ ፈሳሽ ይሰውራችሁ ይላል። አንደኛው ቃል እንግዳን በረከት፣ ሁለተኛው እንደ ደራሽ ጎርፍ ያለ መዓት ያደርገዋል። ሁለቱም የአንድ ሕዝብ ቃል ናቸው፤ የትኛው መቼ እንደሚነገርና ማን እንደሚናገረው ማጥናት የሕዝብን ልማድ የሚመረምር ሰው ሥራ ነው።

የዋጋ መጠይቁን እንዳለ አምጥተን በአገራችን ብንዘረጋውስ ምን ይሆናል? በመጀመሪያ ይሉኝታ ይገጥመናል። የተማረ ሰው መዝገብ ይዞ ከደጅ ሲመጣና ለሕዝብ ጤና ታዋጣለህን? ሲል፣ እንቢ ማለት ነውር ነው። የእድርን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳል፤ አባሉ በየወሩ የሚያዋጣው ሞት የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፤ ከጎረቤቱ ጋር አንድ መሆኑን ለመመስከር ነው። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና ጃክ ኬኔች በ1992 ባወጡት ጽሑፍ፣ በእንዲህ ያለ መጠይቅ የሚገኘው ገንዘብ የነገሩን ዋጋ ሳይሆን ሰው መልካም ሠራሁ የሚልበትን የኅሊና ደስታ መግዣ ነው ብለው ተከራክረዋል። በእኛ ቋንቋ ብንተረጕመው መልሱ ዋጋ ሳይሆን መዋጮ ነው ማለት ነው። የመዋጮ ልክ ደግሞ በሰው ፍላጎት አይወሰንም፤ በወጉ ነው የሚወሰነው።

ሁለተኛም፣ ሕዝባችን የወረርሽኝን ወጪ የሚሸከምበት የራሱ መንገድ አለው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም የተነዛው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ፣ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻው ተጠርጎ ሲቃጠልና ኅዳር ሲታጠን፣ ይህ ልማድ ከዚያ መቅሠፍት መታሰቢያ ጋር ይያያዛል። ጭሱ ለጤና ይጠቅማል ወይስ ይጐዳል የሚለው የሐኪሞች ጉዳይ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን የሚከፍለው በጉልበት ነው፤ የሚከፍለውም በአንድ ቀን፣ በጎረቤቱ ዓይን ፊት ነው። ስንት ትከፍላለህ? ተብሎ የተጠየቀ የለም።

ለምሳሌ በላሊበላ ጥናት የሚያደርግ ተመራማሪ ቢኖር፣ ጎብኚ የሚለው አንድ ቃል ሁለት ዐይነት እንግዶችን እንደሚሸፍንበት ወዲያው ይመለከታል። ለገና በዓል ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣው ተሳላሚ አለ፤ የከተማውም ሰው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉ ወዲህ በብዛት የሚመጣው የውጭ አገር ጎብኚም አለ፤ ከእርሱም አስጎብኚው፣ የሆቴሉ ሠራተኛና የዕጣን ሻጩ ይኖራሉ። በበሽታ ጊዜ ሥጋት የሚሆነው የትኛው ነው? በብዛት ተጨናንቆ የሚያድረው ተሳላሚ? ወይስ ከሩቅ አገር በአውሮፕላን የሚመጣው ባዕድ? ነዋሪው በየትኛው ላይ በሩን ለመዝጋት ይደፍራል? ተሳላሚን መከልከል ከሃይማኖት ጋር፣ ጎብኚን መከልከል ከእንጀራ ጋር መጣላት ነው። ከዚህም በኋላ ጦርነቱ በ2021 እስከ ከተማዋ ድረስ ስለ ደረሰ፣ የጎብኚው መቅረት ያመጣውን ችግር ለበሽታው ብቻ መስጠት አይቻልም። ይህን ሁሉ በሦስት ጊዜ እሺና እንቢ መያዝ የሚቻል አይመስለንም።

ለጸሐፊዎቹ መከራከሪያ የሚሆን ነገርም አለ፤ እርሱንም መደበቅ አይገባም። ሹማምንት ታሪክንና ወግን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ቍጥርን ሲያዩ ግን በጀት ይመድባሉ። ማኅበራዊ ወጪ በገንዘብ ካልተነገረ በዜሮ እንደሚቈጠር የታወቀ ነው። በአስቸኳይ ጊዜም ከየሰው ጋር ተቀምጦ ለመጨዋወት፣ በሽታው ራሱ ሰውን ከሰው ለይቶት ስለ ነበር፣ አይቻልም ነበር። እነዚህ ምክንያቶች እውነተኞች ናቸው። ነገር ግን ቍጥር በሚመራው መንግሥት ዘንድ ቍጥሩ የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ነዋሪዎች ለመክፈል ፈቃደኞች ናቸው የሚለው ቃል ከመጽሔቱ ወጥቶ ወደ ሹም ጠረጴዛ ሲደርስ፣ እንግዲያው በሩን ክፈቱ፣ ለጥንቃቄውም ነዋሪው ግብር ይጨምር ወደሚል ትእዛዝ ሊለወጥ ይችላል። ያን ጊዜ ትርፉ ለሆቴሉና ለአየር መንገዱ፣ ወጪው ደግሞ ከጉብኝት አንዲት ሳንቲም ላላገኘው ጎረቤት ይሆናል።

ስለዚህ እንደ እኛ ዐሳብ፣ ወደ ፊት እንዲህ ያለ ጥናት የሚያደርግ ሰው ከዋጋው ጥያቄ በፊት ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን ማስቀደም ይገባዋል። መጀመሪያ፣ በሩን የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን የማን ነው? ብሎ ይጠይቅ፤ ነዋሪው ሥልጣን የሌለው ከሆነ ፈቃዱን በገንዘብ መለካት ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ወገን ወጪውን የሚከፍለው በምንድን ነው? በገንዘብ? በጉልበት? በእንቅልፍ ማጣት? ወይስ ከቤት በመባረር? ሦስተኛ፣ እንግዳ ተብሎ የተጠራው ማን ነው? እንዲህስ ብሎ የጠራው ማን ነው? ይህን ከመረመረ በኋላ ገንዘቡን ቢጠይቅ ቍጥሩ ትርጕም ይኖረዋል።

የሆንግ ኮንግና የዋናው ቻይና ድንበር በ2023 መጀመሪያ እንደገና ተከፍቷል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን አስታውቋል። እንግዶች ተመልሰዋል። ሌላ በሽታ መምጣቱ ግን አይቀርም፤ ያን ጊዜም የየከተማው ነዋሪ በደጁ ላይ ቆሞ የሚመጣውን ሰው ፊት መመልከቱ አይቀርም። በዚያች ሰዓት የሚያስበውን ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ከሰላሙ ጊዜ ጀምሮ ሄዶ ከነዋሪው ጋር ይቀመጥ፤ ከደጁ ተባሮ ከወጣውም ጋር እንዲሁ።